አሥራ ሁለት ደመወዝ፣ አሥራ ሦስት ወር

ነሐሴ 30 ቀን ደመወዙን የተቀበለ የቁይ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ቀጣዩን የሚያየው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። በመሐል ጳጉሜን አለች። ደግ አከራይ የጳጉሜንን ኪራይ ይተው ይሆናል፤ ሆድ ግን ጳጉሜንን አይዘልም። በእነዚያ 35 ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽ፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ፣ መስቀልም ተራ በተራ ይመጣሉ። ጤፍ ዋጋው ሰማይ የሚነካውም ያኔ ነው፤ አዲሱ ገና ማሳ ላይ አረንጓዴ ነዋ።

ስለ ቁጠባ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ይህን ዓመት አያውቀውም። ገቢህን ለሦስት ክፈል፣ ሃምሳ በመቶ ለኑሮ፣ ሠላሳ ለፍላጎት፣ ሃያ ለቁጠባ ይላል፤ በየወሩም እኩል እንድትሄድ ይጠብቃል። ቁይ ባለችበት በደባይ ጥላትግን ወረዳ በደመወዝ ስኖር እኔም ሞክሬው ነበር። ጥቅምትና ኅዳርን በደንብ ሄደልኝ፤ ታኅሣሥ ላይ አነከሰ፤ ጥር ላይ፣ በአንድ ወር ሦስት የሰርግ ጥሪ ሲደርሰኝ፣ ወደቀ። ስንፍናዬ መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምሁ። ኋላ ሳስበው ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። እኛ ዘንድ ገንዘብ የሚወጣው በወር ሳይሆን በዓመት ቅርጽ ነው፤ አዝመራው፣ ጾሙ፣ ፍስኩ፣ ሰርጉ ነው የሚያወጣው። በጀቱም የዓመት ካልሆነ አይይዝም።

ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ቁይም ሆነ በዙሪያዋ በወር ደመወዝ ለሚኖሩ ነው፤ ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያዋ፣ ለግብርና ጣቢያ ሠራተኛው፣ ለማዘጋጃ ቤት ጸሐፊዋ።

አንደኛ፦ እጅዎ የሚገባውን ብቻ ይቁጠሩ

የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር የእርስዎ አይደለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ ዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። አሁን ቁጭ ብለው ያስሉት። በሐምሌ 2017 በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 3,000 በ20፣ ሌላው 3,000 በ25፣ የቀረው 1,500 ደግሞ በ30 በመቶ ይታሰባል። ድምሩ 2,100 ብር ግብር ነው። ለጡረታ ከጠቅላላው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር ይቆረጣል። «የ11,500 ደመወዝተኛ» የምንለው ሰው ቤቱ ይዞ የሚገባው 8,595 ብር ነው። በደብዳቤው ቁጥር ያቀደ ሰው ገና ሳይጀምር በየወሩ 2,905 ብር ተሳስቷል።

አበል ካለዎት በየወሩ ሳይቋረጥ የሚመጣውን ብቻ ይደምሩ። የሥልጠና ውሎ አበል፣ የፈተና ጥበቃ ክፍያ፣ የዘመቻ ሥራ ገንዘብ ከመጣ እሰየው ነው፤ በጀት ውስጥ ግን አይገባም።

ሁለተኛ፦ ዓመቱን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ

ደብተር ይያዙ። ስልክዎ ላይ አይጻፉት፤ ስልክ ላይ የተጻፈ በጀት የትዳር ጓደኛ አያየውም፤ ያልታየ በጀት ደግሞ የአንድ ሰው ምኞት ሆኖ ይቀራል። አሥራ ሦስት መስመር ያስምሩ፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን። አሁን በየወሩ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ወጪ ይጻፉበት። አስቤዛውንና ኪራዩን ይተዉት፤ እነሱ የወር ናቸው። እዚህ የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ወሩን ጠራርጎ የሚወስደው ነው።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤትና ሁለት በዓል አለ። ታኅሣሥና ጥር የገና፣ የጥምቀት፣ የሰርግ ወራት ናቸው። ጥር ላይ ሦስት የሰርግ ካርድ ቢደርስዎ ሦስት ስጦታ፣ ምናልባትም አንድ የሀገር ልብስ ማለት ነው። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። ለ55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከቤት ይወጣሉ፤ ብዙ ሰው ጾም ራሱ ቁጠባ ነው ብሎ ያስባል። እውነትነት አለው፣ ግን በከፊል። ዘይቱና ሽሮው ይጨምራል፤ የተረፈችውን ደግሞ ማንም ለይቶ ስለማያስቀምጣት ፋሲካ ስትመጣ አትገኝም።

ፋሲካን ለብቻው ያስቡት፤ ቀኑ ይዞራልና። በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ነው። ሚያዝያ 4 ሲውል የመጋቢት ደመወዝ ገና ትኩስ ስለሆነ ዶሮውም ቅርጫውም ከእሱ ይወጣል፤ የሚርበው ከበዓሉ በኋላ ያለው 26 ቀን ነው። ወደ ወሩ መጨረሻ ሲሸሽ ደግሞ ኪስ ባዶ ሆኖ ይገጥመዋል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ ባሕረ ሐሳቡን አይተው ቀኑን ይጻፉ።

ከፋሲካ በኋላ ያሉትን መስመሮች ብዙዎቻችን እንረሳቸዋለን። ወላጆችዎ ገጠር ካሉ የማዳበሪያው ወቅት የእርስዎም ወቅት ነው። አባት «ልጄ ደመወዝተኛ ነው» ብሎ ሁለት ኩንታል ሲያስመዘግብ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አይናገርም፤ ይገባዎታል። ማኅበር ጠጪ ከሆኑ ተራዎ የሚደርስበትን ወር ይጻፉ። በቤተሰብ ውስጥ የሚጠበቅ ክርስትና ወይም ተዝካር ካለ እሱንም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ወይም ወላጆችዎን የሚያስመዘግቡ ከሆነ የዓመታዊ መዋጮውን ማደሻ ጊዜ ከቀበሌው ጠይቀው ይጻፉ። አንድ ያልታሰበ የሆስፒታል ወጪ የሁለት ዓመት ቁጠባ ይዞ እንደሚሄድ ያየ ሰው ይህችን መስመር አይዘላትም።

አሁን ይደምሩ፤ ድምሩን ለ12 ያካፍሉ። ለምሳሌ ድምሩ 30,000 ብር ከመጣ በወር 2,500 ማለት ነው። ከ8,595 ላይ 2,500 ሲነሣ 6,095 ይቀራል። የወር ኑሮዎን የሚያቅዱት በዚህችኛዋ ነው። እኔ መጀመሪያ ስደምር ቁጥሩ አስደንግጦኝ ደብተሩን ዘግቼ ነበር፤ በማግስቱ ስከፍተው ያው ነበር።

ሦስተኛ፦ ጤፍዎን በጤፍ ወቅት ይግዙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህንን ይውሰዱ። ጤፍ አገር መሐል ተቀምጠን ጤፍ በጣሳ እየለካን በክረምት መግዛታችን የሚያሳፍር ነገር ነው። ገበሬው ታኅሣሥና ጥር ላይ ወቅቶ ብድሩንና መዋጮውን ሊከፍል ወደ ገበያ ያወጣል፤ ገበያው ይሞላል፣ ዋጋው ይረግባል። ከሰኔ በኋላ የሚሸጠው በእጁ የያዘ ብቻ ነው። ደመወዝተኛው ደግሞ በየሳምንቱ ስለሚገዛ ዓመቱን ሙሉ እየጨመረ የሚሄደውን ዋጋ አብሮ ይወጣዋል።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይዎ። ኩንታሉ በታኅሣሥ 10,000 ብር፣ በነሐሴ 12,000 ነው እንበል። አንድ ኩንታል ቀድሞ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው በስምንት ወር 2,000 ብር አተረፈ። ያው 10,000 ብር በ7 በመቶ የባንክ ወለድ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ የሚያስገኘው 700 ብር ነው። ልዩነቱ በየዓመቱ አንድ አይሆንም፤ አዝመራው በበረከተ ዓመት ሊጠብ ይችላል። ለማትረፍ ብለው ከሚበሉት በላይ አይግዙ፤ ያ ንግድ ነው፣ ንግድ ሌላ ሙያ ነው። ተበድረውም አይግዙ።

ጤፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ እህል ነው። እንደ ስንዴና በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም። ጠላቶቹ እርጥበትና አይጥ ናቸው። በደንብ የደረቀውን ይምረጡ፤ ጆንያውን በቀጥታ መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ትንሽ አራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ስንዴ ወይም በቆሎ የሚያስቀምጡ ከሆነ አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ጆንያ ይጠቀሙ፤ አፉን አጥብቀው ይቋጥሩት፤ በየሳምንቱ እየከፈቱ «እስኪ ልየው» አይበሉ፤ በከፈቱት ቁጥር ለነቀዙ አየር እየሰጡት ነው።

ማኛ የግድ አይደለም። ሠርገኛው ጤፍ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ እንጀራው ደግሞ፣ በእኔ ምላስ፣ አይከፋም። እንግዳ ይታዘበኛል ካሉ ነጩን ለበዓል ጥቂት ይያዙ። ኩንታል በከፈቱ ቁጥር ቀኑን ጆንያው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ሲያልቅ ደብተሩ ላይ ያስተላልፉት። በዓመቱ መጨረሻ ቤትዎ ስንት ኩንታል እንደሚበላ በትክክል ያውቃሉ፤ ይህን የሚያውቅ አባወራ ስንት እንዳለ ቢቆጥሩ ከጣትዎ አይተርፍም። እማወራዎቹ ያውቁታል፤ ማን ጠይቋቸው!

በርበሬና ሽሮውም እንዲሁ ነው። ዛላው ከወደ ቡሬ በሚጎርፍበት ጊዜ የዓመቱን ገዝቶ ማስፈጨት፣ አተርና ባቄላውንም ከአዝመራ ላይ መያዝ፣ እናቶቻችን ሁሌም የሚያደርጉት ነገር ነው። ደመወዝ ማግኘታችን ይህን ጥበብ አስረሳን።

ጤፍ ሌላም ጥቅም አለው። ባንክ ያለ 10,000 ብር ወዳጅ ሲቸገር ይጠየቅበታል። ጎረቤት አንድ ጣሳ ጤፍ ትበደር ይሆናል እንጂ ኩንታል አበድሩኝ የሚል ሰው ግን አልገጠመኝም።

አራተኛ፦ ዕቁብዎን ከዓመቱ ጋር ያጋጥሙት

አሁን የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ በታኅሣሥ ኩንታል የሚገዛ ገንዘብ ከየት ይመጣል? መልሱ ዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በወር 1,000 ብር ቢጥል በየወሩ 12,000 ብር ለአንዱ ይወጣል። ነገር ግን ዕጣው ግንቦት ላይ ቢወጣልዎ ገንዘቡ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሥራ የፈታ ገንዘብ ደግሞ ሥራ አያጣም። ስለዚህ ገና ሲመሠረት ይነጋገሩ። ዕጣ መለዋወጥ ያለ ነገር ነው፤ አንዱ ለሰርግ ጥርን ይፈልጋል፣ አንዱ ለማዳበሪያ ግንቦትን፣ እርስዎ ለጤፍ ታኅሣሥን። ሁሉም ታኅሣሥን ከፈለገ ያኔ ዕጣው ይፍረድ።

አንድ ነገር ይወቁ፤ ዕቁብ ለሁሉም እኩል አይደለም። መጀመሪያ የበላው ያለ ወለድ ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የሚበላው ያለ ወለድ አበዳሪ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ የመጨረሻው ዕቁብተኛ የተቀበለው ብር ቁጥሩ ያው ቢሆንም የሚገዛው ነገር በእጅጉ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ዕቁብዎ ከአንድ ዓመት አይብለጥ፤ የሁለት ዓመት ዕቁብ አይግቡ።

ዋስም አይርሱ። አንድ ጊዜ «እንተዋወቅ የለ» ብለን ዋስ ሳንጠራ የገባንበት ዕቁብ ነበር። የበሉት ሁለቱ በስድስተኛው ወር ዝውውር አግኝተው ሄዱ፤ ስልካቸውም ከእነሱ ጋር ሄደ። ሰብሳቢው ደግ ሰው ስለነበር ከራሱ ጥቂት ሞላ፤ የቀረው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የበላ ሁሉ ገና ያልበላ ደመወዝተኛ ዋስ ካላቆመ ብር አልጥልም። ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ ዋስ የተጻፈበትና ሁሉም የፈረመበት አንድ ወረቀት በቂ ነው።

ለፋሲካ ደግሞ የበሬ ዕቁብ ያቋቁሙ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው። ከመስከረም ጀምሮ በወር ትንሽ ትንሽ ይጣላል፣ በዓሉ ሲደርስ በሬው ይገዛል፣ ቅርጫው ይከፋፈላል። የፋሲካ ቀን መዞሩ ያን ጊዜ አያስጨንቅም።

አምስተኛ፦ ዱቤውን ይዝጉ

ባለሱቁ ጋ ስምዎ ያለበት ደብተር ካለ ቁጠባ ከመጀመርዎ በፊት እሱን ይጨርሱ። ዱቤ ክፋት የለውም፤ ችግር ያለው ዋጋ የማይጠየቅበት ግዥ መሆኑ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ዘይቱን «ስንት ነው?» ብሎ ሌላ ሱቅ ያያል፤ ባለ ዱቤው አንሥቶ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ መዝጋት ካልቻሉ ለባለሱቁ በግልጽ ይንገሩት፤ በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ አትጻፍብኝ። ደንበኛ ላለማጣት ሲል ይስማማል።

አሁን በስልክም ዱቤ መጥቷል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር መላና እንደኪሴ የሚባሉ ብድሮች ጥቂት ቁልፍ ተጭኖ ይወሰዳሉ። ለድንገተኛ ነገር ይጠቅሙ ይሆናል። ለአስቤዛ መውሰድ የጀመረ ሰው ግን ከባለሱቁ ደብተር ወደማያሳፍር ደብተር መዛወሩ ነው፤ ማፈር ደግሞ ራሱ ልጓም ነበር።

ስድስተኛ፦ የቀረውን ያስቀምጡ፤ ግን የት?

የአያቶቻችን ባንክ መቀነት ነበረ፤ ብሩ ከሰውነት ጋር ይታሰራል፣ ባለቤቷ ካልፈታችው አይፈታም። ዛሬ ግን ቤት ውስጥ ብር ማከማቸት ዋጋ አስከፍሏል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ፣ የ200 ብርም አዲስ ሲወጣ፣ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር።

ባንክ ይሻላል። በጥቅምት 2010 ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። የዋጋ ንረቱን አያሸንፍም፤ ዓላማው ግን ማሸነፍ ሳይሆን ገንዘቡን ከእጅዎ ማራቅ ነው። ተቀማጭዎ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ በመንግሥት የመድን ፈንድ ዋስትና አለው። ደመወዝ ከሚገባበት ሂሳብ ለየት ያለ ሁለተኛ ደብተር ይክፈቱ፤ ቢቻል በሌላ ባንክ። ደመወዙ ንግድ ባንክ ከገባ ቁጠባው በቀድሞው አብቁተ፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ ይሁን። ካርድ አይውሰዱበት። ከአንድ ኤቲኤም ወደ ሌላው ከመሮጥ ይልቅ ተሰልፎ መፈረም ያሰንፋል፤ የምንፈልገውም ይህን ስንፍና ነው። ቀደም ብሎ ያሰሉት 2,500 ብር ደመወዝ በገባ ዕለት ወደዚያ ይሂድ፣ ዕቁቡም ከዚያው ላይ ይታሰብ።

ሆኖም ሁሉንም ባንክና ስልክ ላይ አያድርጉ። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ መንገድም ሲዘጋ፣ ገንዘብ እያለው የተቸገረ ሰው አይተናል። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርኩ ጨርሶ ሲጠፋ ግን እሱም ዝም ነው። የሁለት ሳምንት አስቤዛ የሚሆን ጥሬ ብር ቤት ይኑር፤ ጤፉም ሽሮውም አለ።

ሰባተኛ፦ ለይሉኝታ በጀት ይያዙለት

የውጭ አገር መመሪያዎች «አይ ማለትን ይልመዱ» ይላሉ። እኛ ዘንድ የታመመ ሳይጠይቁ፣ ያዘነን ሳያስተዛዝኑ፣ ለሚያገባ ሳይሰጡ መኖር አይቻልም፤ ቢቻልም አያምርም። ዕድርን ፈጽሞ አይንኩ። ሐዘን በመጣ ጊዜ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ቀባሪው ሁሉ ከእሷ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው። ለሌላው ሁሉ በወር አንድ የተወሰነ መጠን ይያዙ፣ ደብተሩ ላይ «ለሰው» ብለው ይጻፉት። ካለቀ አልቋል፤ የሚቀጥለው ጠያቂ ወደ ቀጣዩ ወር ይሻገራል።

ከዚያ በላይ ብድር ለሚጠይቁን ሰዎች ደግሞ ማንንም የማያስቀይም መልስ አለ፤ «ዕቁብ ላይ ነው»። የባንክ ገንዘቤን አልሰጥህም ብንል እንቀያየማለን። ዕቁብ ላይ ነው ሲባል ግን ሁሉም ይረዳል፣ እንዲያውም «በርታ» ይባላሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ለመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ብቻ ቢያደርጉ ይበቃል፤ አሥራ ሦስቱን መስመር ማስመርና ለታኅሣሥ ጤፍ ዕቁብ መግባት። የመጀመሪያው ዓመት ይዛነፋል፤ አንድ ያልተጠበቀ ተዝካር መጥቶ አንዱን መስመር ያፈርሳል። ደብተሩን አይጣሉት፤ የፈረሰችውን መስመር ለሚቀጥለው ዓመት ይጻፏት።

የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ነው፤ የመጋቢት ደመወዝ ከተከፈለ ሃያ አራት ቀን ያህል ሆኖት። ጳጉሜንም በዚያ ዓመት 6 ቀን ናት። ሁለቱንም ዛሬውኑ ይጻፏቸው።